እማዬን ማን ይያዛት?

መስከረም 22

ለትንሿ እህቴ፣

ሰላምታዬ በርሽን አንኳኩቶ ይግባ፣ ወንበር ስቦም አጠገብሽ ይቀመጥ። ፈጣሪ ከክፉ ዐይን ይሰውርሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ።

ወደ ነገሩ ልግባ። በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው። የደከመው ጉልበቷ እንጂ ጆሮዋ አይደለም፤ እኔ በስፌት መኪናው ጫጫታ መሃል ለደንበኛ የምሾካሾከውን ከመኝታ ክፍሏ ሆና ሰምታ መልስ ትሰጣለች። አንቺ ስትደውዪ ደግሞ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ "ሁላችንም ደህና ነን" ብላ ወሬውን ትዘጋዋለች። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እንገናኝ።

እማዬ ወድቃለች። አትደንግጪ፤ ሐኪም አይቷታል፣ ራጅ ተነስታለች፣ አጥንቷ ደህና ነው። ዳሌዋ ግን በልዞ ለመተኛት አስቸግሯታል። እኔ ለደንበኛ ቀሚስ ላደርስ ወጥቼ ነበር። እሷ በዚያች በተላጠች ሸበጥ ወደ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ አዳለጣት። ስመለስ በሩ ላይ ተጋድማለች። ያለችኝን ልንገርሽ? "መጣሽ? መውደቄን ባውቅ ኖሮ ወለሉን ጠርጌ እወድቅ ነበር።" እኔ ልቤ ሊቆም፣ እሷ ቀልድ!

ከዚያ ወዲህ ያለ እኔ አንድ እርምጃ አትራመድም። ከወፍራም ሸራ ሰፊ ቀበቶ ሰፋሁላት፤ ከኋላው እንደ ሻንጣ እጀታ ያለ መያዣ አለው። ስትነሳ እይዘዋለሁ፣ ስትሄድ እይዘዋለሁ፣ ስትቀመጥም ቀስ አድርጌ አወርዳታለሁ። "ሻንጣ አደረግሽኝ" ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ደንበኞቼ ቢጠብቁ ይጠብቁ፤ እናት አንድ ናት።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሚገፋ ወንበር ላኪልን፤ ያ ባለ ጎማው። የታችኛው ቤት ሰውዬ ልጁ ልኮለት እንደ ሹም ተቀምጦ ይዞራል። እማዬም ከመውደቅ ትገላገል፣ እኔም እየገፋሁ ከቤት ላውጣት። ውጭ አገር ላለሽው ላንቺ ይህ ምንም አይደለም።

ትልቋ እህትሽ

*

ጥቅምት 19

ለእትዬ፣ ለቤቱ ምሰሶ፣

ባለሽበት ሰላም፣ በያዝሽው በረከት፣ ለዐይንሽም ክርና መርፌ የሚያገናኝ ብርሃን እመኝልሻለሁ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ፣ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው። እማዬ ተጋድማ ወለሉን ስትታዘብ ታየችኝና ሳቄና ልቅሶዬ ተደባለቀ። ለሦስት ቀን ሥራዬን በወጉ አልሠራሁም።

ስለ ወንበሩ ግን እንዳትቀየሚኝ፤ አልልክም። ሰስቼ አይደለም። እኔ ጠዋት ጠዋት አረጋውያንን የሰውነት እንቅስቃሴ የማሠራ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። እዚህ የማየውን ልንገርሽ፤ ሳያስፈልገው የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ ከወንበሩ የሚነሳበትን ምክንያት ያጣል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የሚነሳበትን ጉልበት ያጣል። ሐኪም ያዘዘለት ሌላ ነገር ነው። ለእማዬ ግን ያዘዝሽላት አንቺ ነሽ።

ሐኪሙን አስፈቅጂና እንዲህ እናድርግ። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈሽ ታስቀምጪላታለሽ። እጇን ሳትደገፍ ትነሳ፣ ቀስ ብላ ትቀመጥ። ካልቻለች መጀመሪያ ትደገፍ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከዚያ የመቁረጫ ጠረጴዛሽን ጠርዝ ይዛ ተረከዟን ከፍ ዝቅ ታድርግ፣ ወደ ጎን ትራመድ፣ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስቀድማ ትቁም። በየቀኑ ይሁን። ያቺን ሸበጥ ጣይልኝ፤ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ያለውን ምንጣፍ አንሺ፣ አምፖሉንም ቀይሪ። የምትውጠውን መድኃኒት ሐኪሙ እንደገና ይየው፣ የሚያዞራት እሱ ሊሆን ይችላል። መነጽሯም ካረጀ ቆየ።

አንቺ አጠገቧ ቁሚ፣ እጅሽን ዝግጁ አድርጊ፣ ግን አትያዣት። በያዝሻት ቁጥር እግሯ ሥራ ይፈታል።

እንዳትረሳው ሁሉንም በድምፄ ቀድቼ በስልኩ ልኬላታለሁ። አጫውቺላት።

እውነቱን ልንገርሽ? "ሻንጣ አደረግሽኝ ብላ ሳቀች" ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ለእኔ በስልክ እንደዚያ አትስቅልኝም። እኔን የምታወራኝ እንደ እንግዳ ነው፤ "በላሽ? ጠጣሽ? ብርዱ እንዴት ነው?" ብቻ።

ታናሽሽ

*

ኅዳር 16

ለአስተማሪያችን፣

ሰላምታ ለድምፅሽም ለአንቺም። ድምፅሽን ያስቀደምኩት በዚህ ቤት ካንቺ ይልቅ እሱ ስለሚከበር ነው።

ጫማው ደረሰ፣ ልኳ ነው። ሐኪሙ አንዱን ክኒን ቀነሰላት፣ ማዞሩም ተሻላት። ምንጣፉ ተነሳ። ያዘዝሽው ሁሉ ተፈጽሟል፣ ሪፖርቴን ተቀበይ።

አሁን ደግሞ የኔን ስሚ። እኔ ይህን ያህል ዘመን "እማዬ ውሃ ጠጪ" ስላት "ቆይ" ትላለች። "እማዬ ወደ ብርሃኑ ዙሪ" ስላት ወይ ፍንክች! አንቺ በዚያች ስልክ ውስጥ ሆነሽ "ተረከዝ ከፍ" ካልሽ ግን ክብረ በዓል ላይ እንዳለ ወታደር ቀጥ ትላለች። ጫማዋን አጥልቃ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ይዛ ትጠብቅሻለች። እኔ በጠረጴዛው ላይ የደንበኛ ጨርቅ ዘርግቻለሁ፤ "አንሺው፣ ትንሿ ልትናገር ነው" ትለኛለች። ትንሿ! በአካል ያለሁት እኔ፣ የምትናገረው ትንሿ።

አንድ ቀን ስልኩ ባትሪ ጨረሰ። ሳልሞላው የቀረሁት ረስቼ ይሁን ሆን ብዬ፣ ሆድ ይፍጀው። ዛሬስ ታርፋለች ስል፣ ምን አደረገች መሰለሽ? ያንቺን ድምፅ አስመስላ ራሷን እያዘዘች ሠራችው። በየመሃሉ የምትያትን "ጎሽ እናቴ" እንኳ አልዘለለችም። መቀሴን ጥዬ ወጣሁ።

ይህ አልበቃ ብሎ ግቢው ሁሉ ተማሪሽ ሆኗል። ያ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ዱላውን ይዞ ይመጣል፣ የፊት ለፊቷ ሴትዮ ትመጣለች። ሹፌሩ ሰልፉን ሲያስተካክል "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ከኋላ ቦታ አለ" ይላል። እማዬ መሃላቸው ቆማ "ውጭ ያለችው ልጄ ናት ያስተማረችኝ፣ እሷ ባትኖር ይሄኔ አልጋ ላይ ነበርኩ" ትላለች። እኔ የደንበኛ ቀሚስ ላይ ቁልፍ እየተከልኩ በመስኮቱ እሰማለሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አሉ። ማን ሌሊት ዳሌዋን እንዳሸላት፣ ማን እንዳጠባት፣ ማን ትዳሩን ሳያስብ አብሯት እንደቀረ የሚናገር የለም። ቅናት ነው በይኝ፤ አዎ ቅናት ነው።

ወንበሩን አሁንም ላኪው። ክረምት ሲመጣ ትፈልገዋለች።

ትልቋ

*

ጥር 8

ለክብርት እትዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራዎስ? ከዛሬ ጀምሮ "እርስዎ" ልበልዎ። እናቴን ከመውደቅ ላድን ብዬ በላክሁት ድምፅ ይህን ያህል ከተጣላን፣ ትንሽ ራቅ ብለን መከባበር ሳይሻል አይቀርም። ሳልጽፍ የቆየሁትም ስናደድ ከርሜ ነው።

ክፉ ልጽፍልዎ ብዙ ወረቀት ቀደድኩ። በመጨረሻ የተረፈው ይህ ነው። ደግሞም "እርስዎ" ማለቱ እጄን አደከመው፣ ልተወው።

እትዬ፣ ያንን ድምፅ እንዴት እንደቀዳሁት ታውቂያለሽ? ከሥራ ገብቼ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ። "ጎሽ እናቴ" ስል ፊት ለፊቴ የነበረው ማቀዝቀዣው ነው። እሱን እያየሁ ነው እማዬን ያሞገስኳት። አንቺ ግን መቀስሽን ጥለሽ የወጣሽበትን ነገር በዐይንሽ አይተሻል፤ እሷ ተረከዟን ስታነሳ፣ ስትንገዳገድ፣ በራሷ ስታሾፍ። እኔ ስንቱን የሰው እናት ቆሜ ሳስተምር የኔዋን አላየሁም። አንዲት አሮጊት አለች፣ መራመድ ስትጀምር እጇን ትከሻዬ ላይ ታሳርፋለች። ያ እጅ የማን እንዲሆን እንደምመኝ ልንገርሽ? ሥራዬን ብወድም በየጠዋቱ የምቀናው ባንቺ ነው። ቀበቶ ሰፋሁላት ስትዪኝ የታየኝ ቀበቶው አይደለም፣ የያዘው እጅሽ ነው።

ቢሆንም ቀበቶው ይውለቅ። እወቂው፣ ይህን ያልኩት ከቅናት ብቻ አይደለም። አሁን እግሯ ጠንክሯል። ከኋላ የሚጎትታት ነገር ሲኖር ሚዛኗን ራሷ መፈለግ ትተዋለች።

አንድ ነገር ቀርቷታል። ከመሬት መነሳት ትማር። እኛ መውደቅን ለመከላከል እንለፋለን፣ ግን የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ተጋድሞ በመቆየቱ ነው። የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ ባለችበት፣ ብርድ ልብስ ዘርግታችሁ፣ ወደ ጎን መዞር፣ በእጅና በጉልበት መቆም፣ ወደ ወንበር መቅረብ፣ አንድ እግር አስቀድሞ መነሳት። ይህን ካወቀች ብቻዋን ስትሆን አትፈራም። ፍርሃቱ ራሱ ነው ሰውን የሚጥለው።

አንቺስ ግን? ከጠዋት እስከ ማታ ስፌት መኪናሽ ላይ ነሽ። አብረሻት ብትሠሪ ምን ይጎድልሻል?

ታናሽሽ

*

የካቲት 11

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤዬ አጭር ነው፣ ምርቃቱም አጭር ነው።

እናቴን መሬት አስተኚያት ትይኛለሽ? የወደቀችበትን ቀን ያየሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አላየሽም። ደብዳቤሽን ስጨርስ አላደርገውም ብዬ ምዬ ነበር። መሃላዬን ማን ሊጠይቅ? እማዬን በስልክ ቀድመሽ ነግረሻት ኖሯል! እሷም በእግሯ ጤና ጣቢያ ሄዳ ፊዚዮዋን ቀጥራ መጣች። አስፈቅዳኝ አይደለም፤ እኔ ልብስ የምትለካ ደንበኛ ይዤ ሳለሁ ሄዳ ተመለሰች።

ፊዚዮዋ ልጅ መጣች። በስፌት ክፍሌ፣ በቁራጭ ጨርቅ መሃል ብርድ ልብስ ተዘረጋ። እማዬ ወረደች። እኔ እጄን ዘርግቼ ተጠጋሁ፣ ልጅቷ "እጅዎን ወደ ኋላ ያድርጉልኝ" አለችኝ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እናቴ ላይ እጄን ወደ ኋላ! እማዬ ወደ ጎን ዞረች፣ በጉልበቷ ቆመች፣ እንደ ሕፃን እየዳኸች ወንበሩ ጋ ደረሰች፣ አንድ እግሯን አስቀደመችና ተነሳች። ላብ ፊቷ ላይ፣ ፀጉሯ ላይ ክር ተጣብቆ። ሹፌሩ በመስኮት አጨበጨበ። እሷ ምን አለች? "ለትንሿ ንገሯት።"

ማታ ቀበቶውን አውልቃ፣ በደንብ አጥፋ ሰጠችኝ። "ጥሩ አድርገሽ ሰፍተሽዋል፣ ለሌላ ሰው ይሁንሽ" አለች። ለሌላ ሰው? እኔ ሌላ ማን አለኝ?

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዷ ትሄዳለች፣ አንዷ ትቀራለች። የቀረችው እንደምትጠቅም ይሰማት ነበር። አንቺ እናቴን አላዳንሻትም አልልም። ግን ከእጄ ላይ ወሰድሻት፣ ያውም ከዚያ ሆነሽ።

ወንበሩን ተዪው። ምንም አልፈልግም። እስኪበርድልኝ አልጽፍም።

*

ሚያዝያ 2

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ባይፈለግም ይድረስ፤ በሩ ቢዘጋበት ደጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ። ላለፉት ሁለት ደብዳቤዎቼ መልስ አልሰጠሽኝም። ይህ ሦስተኛዬ ነው።

ስደውል እማዬ ታነሳለች። "እትዬስ?" ስላት "አለች፣ አለች" ትላለችና ስለ ብርዱ ትጠይቀኛለች። ባለፈው ሳምንት ከኋላዋ የስፌት መኪናው ድምፅ አልተሰማኝም። ያ ድምፅ ከሌለበት ቤት ደውዬ አላውቅም። "መኪናው ተበላሸ እንዴ?" አልኳት። "አርፏል" አለችኝ። ማንን ነው የምጠይቀው? ምን ደረሰባችሁ?

ከቅናት ከሆነ ዝም ያልሽው፣ እኔም ዕዳዬን ልንገርሽ፤ አንቺ ብቻ የምትቀኚ አይምሰልሽ። እማዬ በየማለዳው አብራችሁ እስከ ቁልፍ ሱቁ እንደምትራመዱ ነገረችኝ። ለደንበኛ ቀሚስ ቁልፍ የምትመርጠው እሷ እንደሆነች፣ አንቺ "ይሄ ለሬሳ ልብስ ነው የሚሆነው" እያልሽ እንደምትጨቃጨቂያት። ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። በድምፄ ያስነሳሁት እኔ፣ አብሮ የሚራመደው ሌላ ሰው! ከመሬት እንድትነሳ ያስተማርኳት የት ለመሄድ ነው? ከአንቺ ጋር ቁልፍ ልትመርጥ። እትዬ፣ ካንቺ ላይ የወሰድኩት ምንም የለም። ዞር ብለሽ እጅሽን እዪው።

ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼም ቢሆን ፈቃድ አግኝቻለሁ። ክረምት ሳይገባ እመጣለሁ። ለእማዬ ነግሬያታለሁ፣ ላንቺ ግን በራሴ እጅ ልጽፍልሽ ፈለግሁ። እባክሽ አንድ መስመር ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን።

ታናሽሽ

*

ግንቦት 5

ለትንሿ እህቴ፣

የአክብሮት ሰላምታዬ ከነስብራቱ ይድረስሽ። ጽሕፈቱ የኔ አይደለም፣ ገብቶሻል። ቀኝ እጄ ጄሶ ውስጥ ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እማዬ ትጽፋለች። ከእሷ የምንደብቀውን ሁሉ አሁን በእሷው እጅ ላስጽፍሽ ነው። ፈጣሪ ሲያሾፍ እንዲህ ነው።

(ድሮም አልተደበቀኝም። ፖስተኛው ደብዳቤ ሲያመጣ በር የሚከፍትለት ማን መሰላችሁ? — እናታችሁ)

አየሽ፣ በየመሃሉ እንዲህ ትገባለች። ታገሺያት።

ወደ ቁልፍ ሱቁ እየሄድን ነበር። እማዬ ከፊቴ ናት፣ ቀበቶ የላትም፣ እኔም አልያዝኳትም። ግን ዐይኔን ከወገቧ ነቅዬ አላውቅም። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ የጫማዋን ጫፍ ነካ አደረገውና ሰውነቷ ወደ ፊት ሄደ። እሷ ወደ ጎን አንድ ጊዜ ረገጠችና ተስተካከለች፤ ያ ወደ ጎን መርገጥ ያንቺው ትምህርት ነው። እኔ ግን መስተካከሏን አላየሁም። ልይዛት ከኋላዋ ዘለልኩ። እጄ አየር ጨበጠ፣ እግሬ ራሴን ጠለፈኝና በእጄ ላይ ወደቅሁ። የአንጓዬ አጥንት ሲሰበር ሰማሁት፤ የደረቀ ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው።

(በጣም ጮኸች።)

ታዲያ ማን አይጮኽም? መንገደኛው ሁሉ ተሰብስቦ ሊያነሳኝ ብብቴን ያዘ። እማዬ በመሃል ገብታ "ተዉአት! መጀመሪያ የት እንዳመማት ትናገር!" ብላ ጮኸችባቸው። ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ከዚያ የሱቁን ወንበር አስመጣች፣ እሱን ይዛ ቀስ ብላ በጉልበቷ ወረደችና አጠገቤ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ሰው እያየ! "ስሚ" አለችኝ፣ "እኔ አላነሳሽም፣ አልችልም። እንዴት እንደሚነሳ ግን አውቃለሁ። አትቸኩዪ፣ ተንፍሺ።" እግርና ዳሌዬ ደህና መሆኑን ጠይቃ፣ የተሰበረውን እጄን በራሷ ሻርፕ ደረቴ ላይ አሰረችው። ከዚያ በደህናው ጎኔ አዞረችኝ፣ በጉልበቴ አቆመችኝ፣ ወንበሩን አሳየችኝ። መጀመሪያ እሷ ተነሳች፣ እንዳይ ብላ። ቀጥሎ እኔ። ስነሳ አልያዘችኝም። እጇን ግን እዚህ፣ ከወገቤ ሥር፣ ሳትነካኝ ዘርግታ ነበር። ሙቀቱ ይሰማኝ ነበር።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ የሚገፋ ወንበር ይዘው ወደ እማዬ ሮጡ። "ለሷ ነው" አለቻቸው። ተቀመጥኩበት። ስለ ወንበር አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ።

ያቺው ፊዚዮ አየችኝ። ከወንበር ሳይደገፉ ይነሱ አለችኝ፣ አቃተኝ። "ከእናትዎ እግር የእርስዎ ይደክማል" አለችኝ። አፈርኩ። ያን ሁሉ ዘመን ስይዛት የያዝኳት እኔ አልነበርኩም ማለት ነው? እሷን ተደግፌ የቆምኩት እኔ ነኝ እንዴ?

(ሁለታችንም ተደጋግፈን ነበር። ይህንን ብላት አልሰማ አለችኝ፣ ስለዚህ ላንቺ ጻፍኩት።)

አሁን በየጠዋቱ ከሹፌሩና ከፊት ለፊቷ ሴትዮ ጋር እሰለፋለሁ። "አዲሷ ተሳፋሪ፣ ጠጋ በይ" ይለኛል። ያንቺን ድምፅ እየሰማሁ ተረከዜን አነሳለሁ። "ጎሽ እናቴ" ስትዪ እማዬ ወደ እኔ ዞር ብላ "ጎሽ ልጄ" ትላለች። በስልክ ያልነገረችሽ እኔ ከልክያት ነው። "ወደቀች ብትያት ሁለቱን ልጆችሽን ለየብቻ ታስለቅሻለሽ" አልኳት።

እንግዲህ ትመጫለሽ። እማዬ ትናንት ለሹፌሩ ስትነግረው ሰማሁ፤ "ትንሿ ስትመጣ ተቀምጬ አልጠብቃትም፣ እስከ ግቢው በር በእግሬ ሄጄ ነው የምቀበላት" አለችው። ደስ ይበልሽ፣ ለዚህ ነው እኮ የለፋሽው። ግን ሁሉን ካስጻፍኩ አይቀር ይህንንም ጻፊው እማዬ፤ አዎ፣ ጻፊው። ቀናሁ። እጄ ተሰብሮም ቀናሁ። እኔን በር ድረስ ወጥታ የተቀበለችኝ አንድ ቀን የለም። ከየት ልቀበልሽ ትለኛለች? የትም ሄጄ አላውቅም። ያልሄደን ሰው ማን ይቀበለዋል?

ትልቋ

(ልጄ፣ ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው። ያለችውን ቃል በቃል ጻፍኩና መነጽሬን አውልቄ አየኋት። ሽበት ወሯታል። መቼ እንደወረራት አላየሁም፣ ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበረቻ።

"ተነሺ፣ ውጪ" አልኳት።

"ወዴት?"

"እስከ ቁልፍ ሱቁ ሂጂና ተመለሺ።"

"ምን ልግዛ?"

"ምንም። ሂጂና ነይ ብቻ። ያን ተረከዝ የሚይዘውን ጫማ አድርጊ።"

"አንቺ ሴትዮ ጃጀሽ" ብላኝ እየተነጫነጨች ወጣች። ከወደቀች ወዲህ ለብቻዋ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ፈርታለች። ሄዳ እስክትጠፋ በመስኮት አየኋት፣ አልተከተልኳትም። አንቺንም ስትሄጂ እንዲሁ ነበር ያየሁሽ።

አሁን ከመንገዱ ጥግ ብቅ ብላለች። ጄሶዋን ደረቷ ላይ ታቅፋለች፣ እግሯን እያየች ቀስ ብላ ነው የምትራመደው፣ ስለዚህ እደርሳለሁ። ስለ አንቺ መምጣት በሌላ ደብዳቤ አወራሽ ነበር፣ ጊዜ የለኝም። በይ ደህና ሁኚልኝ። ልጄ መጥታለች፣ በር ድረስ ልሄድ ነው።)